የዕቃ ጠባቂ ጠባይና አኗኗር በዋልት ዲዝኒ ወርልድ

ስለ ዋልት ዲዝኒ ወርልድ ያልተባለ ነገር ያለ አይመስልም። ስለ ቤተ መንግሥቱ፣ ስለ ሰልፉ ርዝመት፣ ስለ ትኬቱ ዋጋ፣ በየትኛው ወር መሄድ እንደሚሻል፣ የቱ ሆቴል ለየትኛው በር እንደሚቀርብ ብዙ ተጽፏል። ከጠዋት እስከ ማታ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስለሚውለው፣ ጭኑ ላይ ሁለት፣ እግሩ ሥር ሦስት ቦርሳ ስለደረደረው፣ የሰው ባርኔጣ በራሱ ላይ፣ የሰው መነጽር በአንገቱ ላይ ስለተንጠለጠለበት ፍጡር ግን የሚጽፍ እምብዛም ነው። ይህ ጽሑፍ ያንን ክፍተት ለመሙላት የተነሣ ነው።

በመጀመሪያ ብያኔ ያስፈልጋል። ዕቃ ጠባቂ ማለት ቤተሰቡ ሲጫወት የማይጫወት፣ ቤተሰቡ ሲመለስ ግን እዚያው ቦታ የሚገኝ ሰው ነው። ሁለቱም ነጥቦች መሟላት አለባቸው። የማይጫወት፣ ነገር ግን ሲመለሱ የማይገኝ ሰው ዕቃ ጠባቂ አይባልም፤ አባት ነው፤ ስልክ ሊያናግር ዞር ብሏል።

ታሪኩ የሚጀምረው ከመሥራቹ ነው። ዋልት ዲዝኒ ራሱ ዕቃ ጠባቂ ነበር። ሎስ አንጀለስ በሚገኘው ግሪፊዝ ፓርክ ሁለቱ ሴት ልጆቹ፣ ዳያንና ሻረን፣ በሚሽከረከሩት የእንጨት ፈረሶች ላይ ሲዞሩ እሱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ኦቾሎኒ እየበላ ይጠብቃቸው እንደነበር በኋላ ተናግሯል። ወላጅና ልጅ አብረው የሚጫወቱበት ቦታ ቢኖር ብሎ ያሰበው እዚያ ወንበር ላይ ነው። ሐሳቡ አድጎ ሐምሌ 10 ቀን 1947 ዓ.ም. ካሊፎርኒያ ውስጥ ዲዝኒላንድ ሆኖ ተከፈተ። እንግዲህ ልብ ማለት የሚገባው ነገር ይህ ነው፤ ዛሬ በዓለም ላይ የምናየው ያ ሁሉ ግንብ፣ ያ ሁሉ ሐዲድና ያ ሁሉ ሙዚቃ የተሠራው ዕቃ ጠባቂነትን ከምድረ ገጽ ለማጥፋት ነው።

አልጠፋም።

ሁለተኛውና ሰፊው ሙከራ የተደረገው ፍሎሪዳ ላይ ነው። ዋልት ሥራው ሳይጀመር በ1959 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ስላረፈ፣ ጡረታ ሊወጣ የነበረው ታላቅ ወንድሙ ሮይ ጡረታውን አዘግይቶ ኦርላንዶ አጠገብ ያለውን ረግረግ አስደለደለ። መስከረም 20 ቀን 1964 ዓ.ም.፣ የመስቀል በዓል ባለፈ በሦስተኛው ቀን፣ ዋልት ዲዝኒ ወርልድ ተከፈተ። ሮይ ግን ዓመቱን አልጨረሰም፤ በዚያው ታኅሣሥ ወር ዐረፈ። ቦታው ዛሬ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል። አራት ትልልቅ ፓርኮች፣ ሁለት የውኃ መጫወቻዎች፣ ከ25 የሚበልጡ ሆቴሎች፣ የራሱ አውቶቡሶች፣ የራሱ ጀልባዎችና ኮንቴምፖራሪ የተባለውን ሆቴል በሆዱ ሰንጥቆ የሚያልፍ ባለ አንድ ሐዲድ ባቡር አለው። ማጂክ ኪንግደም የሚባለው ፓርክ ሥር ደግሞ ሠራተኞች ብቻ የሚሄዱበት መተላለፊያ ተዘርግቷል። የፍሎሪዳ መሬት ትንሽ ሲቆፈር ውኃ ስለሚያወጣ መተላለፊያው የተሠራው በመሬቱ ልክ ነው፤ ጎብኚው መሬት የረገጠ እየመሰለው ፎቅ ላይ ሲዘዋወር ይውላል። ይህን ሁሉ ያሰበ ድርጅት፣ ይህን ሁሉ ዘመን ሲደክም፣ ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ቦርሳ ታቅፈው የተቀመጡትን እናት ማንቀሳቀስ አልቻለም።

ዕቃ ጠባቂ የማያወጣ ሕዝብ የለም። ለዚህ ጥናት የተመረጠው ግን ከዋሽንግተን አካባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ከአሌክሳንድሪያ ተነሥቶ የሚመጣው ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ነው። ጉዞው ከ1,300 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ከምናምን ነው፤ ቤተሰቡ ግን ስድስት ሰው መሆኑንና የትኬቱን ዋጋ አባዝቶ አይቶ በመኪና ይመጣል። ሌሊቱን በ95 ቁጥር አውራ ጎዳና ቁልቁል ይነዳል። ዕቃ ጠባቂዋ ገና ከቤት ሳይወጡ ሥራ ጀምረዋል፤ ፔርሙዙ በእግራቸው መሀል ነው።

ዕቃ ጠባቂዎች እንደ መንሥኤያቸው በሦስት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው በቁመት የሚመጣው ነው። ስፔስ ማውንቴን የሚባለው በጨለማ የሚሮጥ ሮለር ኮስተር ከ112 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ልጅ አያስገባም፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የተከፈተው ትሮን ደግሞ 122 ይላል። በሩ ላይ ሠራተኛ በመለኪያ እንጨት ይለካል፤ የተነፋ ፀጉርና በእግር ጣት መቆም አይቆጠሩም። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ቁመቱ ያልደረሰው ልጅ ራሱ ዕቃ ጠባቂ አይደለም፤ ዕቃ ነው። ዕቃ ጠባቂው ከእሱ ጋር የሚቀረው ወላጅ ነው። ድርጅቱ ለዚህ መድኃኒት አበጅቷል፤ አንዱ ወላጅ ተጫውቶ ሲወጣ ሌላው እንደገና ረጅሙን ሰልፍ ሳይሰለፍ ይገባል። በዚህ ምክንያት ይህ ዓይነቱ ዕቃ ጠባቂ ዕድሜው አጭር ነው፤ ሲለዋወጡም የሚነጋገሩት ስለ ጫማ ብቻ ነው። «የግራው የት ገባ?» «አንተ ጋ አልነበር?»

ሁለተኛው በሕመም የሚመጣው ነው። በየመግቢያው የልብ፣ የወገብና የአንገት ሕመም ያለበት እንዲሁም ነፍሰ ጡር እንዳይገባ የሚያስጠነቅቅ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ዕድሜው ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ሌሊቱን ሙሉ «እኔ ፊት ወንበር ላይ ነኝ» ሲል ያደረ ወንድ ይህን ሰሌዳ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነበዋል። እስኪያነበው ድረስ ጤነኛ ነበር። ከዚያ ወገቡን ይዳብሳል፣ በ1998 ዓ.ም. ፍሪጅ ሲያወርድ የሆነውን ያስታውሳል፣ «እናንተ ግቡ፣ ዕቃውን እኔ አያለሁ» ይላል። ማንም አያምነውም፤ ማንም ግን አይናገረውም።

ሦስተኛው በማዕረግ የሚመጣው ነው፤ ይህ አያት ናቸው። ከዚህ በኋላ ቀለም የሚፈጀው በእሳቸው ላይ ስለሆነ፣ በፎቶ አንሺነት፣ በእርግዝናና በኩርፊያ የሚመጡት ዓይነቶች ባሉበት ይቆዩ።

አያት ከአዲስ አበባ ከመጡ ወራት ሆኗቸዋል። የመጡት ልጃቸውን ለማረስ ነው፤ አራስ ቤቱ ካለቀ በኋላ ደግሞ «ዲዝኒ ሳታዪ አትሄጂም» ተብለው ቆዩ። ልብሳቸው የሐበሻ ቀሚስ፣ ነጠላ፣ ከነጠላው ሥር ልጃቸው የገዛችላቸው ነጭ ስኒከር ነው። ስኒከሩን ለእሑድ ብቻ ማድረግ ይፈልጉ ነበር፤ ድርድሩ ከሆቴል እስከ አውቶቡስ ፌርማታ ወስዷል።

የድርጅቱ ደንብ አንድ ቦርሳ ከ61 በ38 በ46 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ያዛል። ደንቡ ሲወጣ በዚህ መጠን ውስጥ ኢትዮጵያዊ እናት ምን ልታስገባ እንደምትችል የታሰበበት አይመስልም። ቦርሳው ውስጥ በፎይል የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ፣ ሁለት ዕቃ ፍርፍር፣ ዳቦ ቆሎ፣ የተላጠ ብርቱካን፣ ቪክስ፣ ፕላስተር፣ የሕፃኑ ቅያሪ፣ ፌስታል ውስጥ የታጠፉ ፌስታሎችና የስድስቱም ሰው ሹራብ አለ። ስለ ሹራቡ መኪናው ውስጥ ብዙ ተስቆ ነበር፤ የፍሎሪዳ በጋ 33 ዲግሪ ይደርሳላ! ጣሪያ ያለው ጨዋታ ሁሉ ውስጡ እስኪያንቀጠቅጥ በአየር ማቀዝቀዣ የተነፋ መሆኑ የታወቀው ከገቡ በኋላ ነው። አያት ሹራቦቹን ሲያድሉ አንድም ቃል አልተናገሩም። አለመናገራቸው ከመናገር የከፋ ነበር።

ምግብ ይዞ መግባት ይፈቀዳል። የተከለከለው ጠርሙስ፣ መጠጥ፣ ልቅ በረዶና ተጣጣፊ ወንበር ነው። በፍተሻው በር ላይ ጥበቃው ቦርሳውን ይከፍታል፣ ፌስታሉን ይከፍታል፣ በውስጡ ያለውን ፌስታል ይከፍታል፣ ዳቦ ቆሎው ላይ ደርሶ በጣቱ ያመለክታል። ልጃቸው በእንግሊዝኛ ማስረዳት ትጀምራለች። አያት ነገሩን ገብቷቸዋል፤ ሰውየው ርቦታል። እፍኝ ሙሉ ዘግነው ይዘረጉለታል። ፍተሻው እዚህ ላይ ያበቃል።

ጉዞው ነሐሴ ላይ ከሆነ ፍልሰታ ጋር ይገጥማል፤ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ዕረፍትና የእመቤታችን ጾም የተጣጣሙት በማንም ዕቅድ አይደለም። ያኔ ቦርሳው እጥፍ ይከብዳል፣ ፍርፍሩም የሽሮ ይሆናል። ሆኖም ከእ.ኤ.አ. 2019 ወዲህ በዲዝኒ ወርልድ ምግብ ቤቶች ሥጋም ወተትም እንቁላልም የሌለበት ምግብ በአረንጓዴ ቅጠል ምልክት ይለያል። ይህ ሲተረጎምላቸው አያት ምግብ ዝርዝሩን ተቀብለው ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ቆጠሩ፤ ስለ ቦታው ባለቤቶችም የነበራቸው አስተያየት ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ተሻሻለ። «ለካስ ሃይማኖት አላቸው» አሉ። ያስተባበላቸው አልነበረም።

ወደ ሳይንሱ ስንገባ፣ የዕቃ ጠባቂነት ዋናው ጥበብ የወንበር አመራረጥ ነው። ጀማሪ ጥላ ያለበትን ይመርጣል። መካከለኛው ጥላም የመጠጥ ውኃም የቀረበበትን ይመርጣል። ሊቁ ግን የሚያስበው ስለ መውጫው በር ነው። በዲዝኒ ወርልድ የገቡበት በር አይወጡበትም፤ ብዙዎቹ ትልልቅ ጨዋታዎች ሲያልቁ ሰውን የሚተፉት ሱቅ ውስጥ ነው። የካሪቢያን የባሕር ወንበዴዎች ጀልባ ጎብኚውን በወንበዴ ባርኔጣና በጎማ ጎራዴ መሀል ያወጣዋል። ስለዚህ «እዚሁ ጠብቂን» ተብለው መግቢያው ላይ የተቀመጡ አያት ሲጠብቁ፣ ቤተሰቡ በሌላ በር ወጥቶ ጎራዴ እየገዛ ነው።

ይህ ችግር የሚፈታው በሁለት መንገድ ነው። ልጆች በስልክ ይፈቱታል። አያት የሚፈቱት ባለመንቀሳቀስ ነው። ስልኩ በቦርሳው ሥር፣ ከድፎው በታች፣ በፌስታል ታስሮ ይጮኻል። እሳቸው እዚሁ ተብለዋል፣ እዚሁ ናቸው። ሃያ ደቂቃ የፈለገቻቸው ልጃቸው በመጨረሻ ላብ በላብ ሆና ስትመጣ እንዲህ ይባባላሉ።

«እማዬ፣ ለምን ስልክ አታነሺም?»

«እኔ የት ሄድኩና?»

ለዚህ መልስ የተገኘለት የለም።

ዕቃ ጠባቂ ጠላት አለው። በሶደሬ ፍል ውኃ ልብስና ምሳ ጠብቆ ያደገ ሰው ጠላቱ ጦጣ መሆኑን ያውቃል፤ አያትም በወጣትነታቸው ሶደሬ ላይ ሙዝ ተነጥቀዋል። በፍሎሪዳ ቦታውን የያዘው ማንቁሩ እንደ ማጭድ የተቆለመመ ነጭ ወፍ ነው፤ የሀገራችን ጋጋኖ ዘመድ። ወፉ በምግብ ጠረጴዛዎች መሀል ሲመላለስ ይውላል፣ ሰው አይፈራም፣ ድንች ከሕፃን እጅ ይወስዳል። ፈረንጆቹ ፎቶ ያነሡታል። አያት ፎቶ አላነሡትም። ነጠላቸውን አንድ ጊዜ አወናጨፉት፤ ወፉም የሚያደርገውን ነገር ለማድረግ ወደ ሌላ ቤተሰብ ሄደ።

ብዙ ሰው ዕቃ ጠባቂ ምንም ሳያይ የዋለ ይመስለዋል። እውነታው ተቃራኒው ነው። የተቀረው ቤተሰብ አብዛኛውን ቀን ያየው ከፊቱ የተሰለፈውን ሰው ጀርባ ነው። አያት ግን ወንበራቸው ላይ እያሉ ሰልፉን በሙሉ፣ ሙዚቀኛውን በሙሉ አይተዋል። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በማጂክ ኪንግደም የሚካሄደው የከሰዓት ትርኢት በፊታቸው ያልፋል፤ ሰዎች ለዚያ ቦታ አንድ ሰዓት ቀድመው መጥተው መሬት ላይ ይቀመጣሉ፤ እሳቸው ሳያውቁት የፊተኛውን ረድፍ ይዘዋል። ልዕልቶቹ እጃቸውን ሲያውለበልቡላቸው ከወንበራቸው ከፍ ብለው፣ ቦርሳውን ሳይለቁ፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ነሡ። ለአንዷም ለሌላዋም፣ ለሁሉም። ከዚያ ከአፉ እሳት የሚተፋ ትልቅ የብረት ዘንዶ መጣ። አማተቡና አጠገባቸው ላለው ሰው በአማርኛ፣ «ጊዮርጊስስ የታለ?» አሉት። ሰውየው ፈገግ አለ። እሳቸው ግን ትርኢቱ እስኪያልቅ ነጩን ፈረስ ጠበቁ።

ሚኪ ማውስ ሲደርስ የጠየቁት ሌላ ነው። «በዚህ ውስጥ ሰው አለ?» «አለ» ተባሉ። «በዚህ ሙቀት? ውኃ ይሰጡታል?» የልጅ ልጃቸው፣ የስምንት ዓመቷ፣ በዚህ ጥያቄ ተናደደች፤ ሚኪ ሰው እንዳልሆነ ልታስረዳ ሞከረች። አያት ግን በእጃቸው የያዙትን የውኃ ላስቲክ እያዩ ነበር፤ ልጃቸው ባታዝ ኖሮ የሚሆነው ይታወቅ ነበር።

አግዳሚ ወንበር ብቻውን አይያዝም። እኩለ ቀን ላይ ሌላ ዕቃ ጠባቂ ይመጣል፤ ሳሪ የለበሱ ሕንዳዊ አያት፣ ወይም ሁሉም የቤተሰቡ አባላት አንድ ዓይነት ቢጫ ካናቴራ ከለበሱ ብራዚላውያን የተገነጠሉ አሮጊት። የጋራ ቋንቋ የለም፤ የጋራ ጉዳይ ግን አለ። መጀመሪያ አንዳቸው የሌላውን የቦርሳ ብዛት ያያሉ። ቀጥሎ ምግብ ይወጣል፤ ዳቦ ቆሎ ወደዚያ፣ ስሙ የማይታወቅ ቅመም የበዛበት ነገር ወደዚህ። በሦስተኛው ደረጃ ጉልበት ይታያል፤ የትኛው ጉልበት እንደሚያም በእጅ ይጠቆማል። በመጨረሻ አንደኛዋ ተነሥታ ወደ መጸዳጃ ቤት ስታመለክት፣ ሁለተኛዋ የሁለቱንም ቦርሳ ወደ ራሷ ትሰበስባለች። ይህ ስምምነት በቃልም በጽሑፍም አልተደረገም። አየር መንገዶች ሻንጣ የሚያጠፉት እንዲህ ያለ ነገር ስለሌላቸው ይመስላል።

ስለ ገንዘብ ነክ ጉዳይ ጥቂት ማለት ግድ ነው። በዲዝኒ ወርልድ ሦስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን አይከፍልም፤ ዐሥር ዓመት የሞላው ሁሉ እንደ አዋቂ ይከፍላል። ዐሥር ከሞላ በኋላ ሰባም ዘጠናም ቢሆን ልዩነት የለውም፣ ወንበር ላይ መዋልም ቅናሽ አያስገኝም። የአንድ ቀን ትኬት ከመቶ ዶላር በላይ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ዶላር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ስለተወሰነ ደግሞ፣ አዲስ አበባ ላለ ሰው ይህ ቁጥር የሚነገር አይደለም። ቤተሰቡ ይህን ስለሚያውቅ አስቀድሞ መክሯል። ስለዚህ አያት በመጀመሪያው ቀን ማታ፣ ሆቴል ውስጥ፣ እግራቸውን በሙቅ ውኃ ነክረው «ለእኔ ስንት ከፈላችሁ?» ሲሉ አማቻቸው አላመነቱም።

«እማማ፣ ለእርስዎማ ነፃ ነው። ለአዛውንት አይከፈልም።»

«ነፃ?»

«ነፃ።»

አያት ትንሽ አሰቡና፣ «ነፃ ከሆነማ ነገም እንሄዳለን» አሉ።

ለነገ ታስቦ የነበረው የሆቴሉ መዋኛ ነበር። ስለ መዋኛ ዕቃ ጠባቂነት ብዙ የሚባል የለም፤ ፎጣ ነው፣ ጫማ ነው፣ «ጥልቁ ጋ አትሂድ» ነው። ያም ሆኖ አማች ማታውኑ ስልካቸውን ይዘው በረንዳ ላይ ሲወጡ ታይተዋል።

ድርጅቱ በዚህ ፍጡር ላይ የሚያደርገው ትግል እንደቀጠለ ነው። ትሮን በር ላይ በነፃ የሚዘጋ የዕቃ ሣጥን ተተክሏል፤ ንድፈ ሐሳቡ ቦርሳው ሣጥን ካገኘ ሰውየው ነፃ ይወጣል የሚል ነው። አያት ሣጥኑን ከፍተው አዩት፣ ዘጉት፣ ቦርሳቸውን ይዘው ወጡ። የካሮሰል ኦፍ ፕሮግረስ ጉዳይ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1964 ለኒው ዮርክ ዓለም አቀፍ ትርኢት የተሠራ፣ በ1975 ወደ ፍሎሪዳ የመጣ ቲያትር ነው፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ይፈጃል፣ ቀዝቃዛ ነው፣ አዳራሹ ራሱ ከነወንበሩ ይዞራል፤ አንድ የአሜሪካ ቤተሰብ ኤሌክትሪክ ሲገባለት፣ ፍሪጅ ሲገዛ ያሳያል። ቦርሳ ጭን ላይ ይያዛል። እዚህ አያት ከነዕቃቸው ገብተው፣ ከነዕቃቸው ተቀምጠው፣ መብራት ሳይገባለት እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ እንቅልፍ ውስጥም ማሰሪያው በክንዳቸው ላይ ሁለት ዙር ተጠምጥሞ ነበር።

የተጫወቱት አንድ ጨዋታ ብቻ ነው፤ የዓለም ሕፃናት አሻንጉሊቶች የሚዘፍኑበት የጀልባ ጉዞ። የዚህም የመጀመሪያው የተሠራው በዚያው በኒው ዮርኩ ትርኢት ለዩኒሴፍ ድንኳን ነበር። ቁመት አይጠይቅም፣ ወገብ አያማም፣ ጀልባው ለቦርሳም ይበቃል። የአፍሪካው ክፍል ላይ ሲደርሱ «የእኛዋ የትኛዋ ናት?» ብለው ጠየቁ፤ ልጃቸው አንዷን፣ አማቻቸው ሌላዋን፣ ልጅቷ ሦስተኛዋን በአንድ ጊዜ አመለከቱ። አያት ለሦስቱም አንገታቸውን ነቀነቁ። ዘፈኑ ግን እስከ ዋሽንግተን ድረስ በመኪናው ውስጥ ከሁሉም አፍ አልወጣም፤ ከሳቸውም ጭምር።

ምደባው እዚህ ላይ ይቆም፤ በሕመም የመጣው ዕቃ ጠባቂ በሦስተኛው ቀን ስፔስ ማውንቴን ገብቶ ስለወጣና አሁን ስለ ሌላ ነገር ማውራት ስለማይፈልግ፣ ምድቡ ሰው አልባ ሆኗል።

በመመለሻው ዋዜማ ቤተሰቡ እራት ላይ ሁሉም የወደደውን ይናገር ተባለ። ልጅቷ ቤተ መንግሥቱን አለች። ታናሽ ወንድሟ ወፉን አለ። ለአያት ተራ ሲደርስ፣ «መጥረጊያቸውን» አሉ።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ሦስት ቀን ሙሉ ወንበር ላይ ሆነው ያጠኑት ጽዳት ሠራተኞቹን ነው። እጀታው ረጅም የሆነ የቆሻሻ ማፈሻና አነስ ያለ መጥረጊያ ይዘው እየዞሩ፣ ሳያጎነብሱ፣ አንድ የፈንዲሻ ፍሬ ወድቃ ሳትቆይ ያነሣሉ። አንዱ ሠራተኛ ደግሞ መጥረጊያውን ውኃ ነክሮ በአስፋልቱ ላይ የሚኪን ፊት ሣለ፤ ልጆች ተሰበሰቡ፣ ፀሐይዋ ወዲያው አደረቀችው። አያት ሥዕሉን አላደነቁም። የገረማቸው ሰውየው ይህን ሁሉ ሲሠራ ወገቡን አንድም ጊዜ አለማጉበጡ ነው። አርባ ዓመት ግቢ ጎንብሰው የጠረጉ ሴት ናቸው።

«ያንን ግዙልኝ» አሉ።

በዲዝኒ ወርልድ ሱቆች ውስጥ የአይጥ ጆሮ ያለው ባርኔጣ፣ ኩባያ፣ ፒጃማ፣ ካልሲና የውሻ አንገት ማሰሪያ ሞልቷል፤ የቆሻሻ ማፈሻ ግን አይሸጥም። ልጃቸው የአንድ ልዕልት ፎቶ ያለበት ሻርፕ አቀረበች። አልተቀበሉም። በማግስቱ መኪናው ከሰሜን ካሮላይና አውራ ጎዳና ወጥቶ አንድ የግንባታ ዕቃ መሸጫ በር ላይ ቆመ፤ አማች ገብተው እጀታው እስከ ደረት የሚደርስ ጥቁር ማፈሻ ከነመጥረጊያው ይዘው ወጡ። አያት ተቀብለው ከፍ ዝቅ አደረጉት፣ ክዳኑን ከፍተው ዘጉት፣ በእግራቸው መሀል ከፔርሙዙ አጠገብ አቆሙት።

«እማዬ፣ ሻንጣ ውስጥ አይገባም እኮ። ሁለት ሻንጣ ነው የሚፈቀድልሽ፣ ሃያ ሦስት ሃያ ሦስት ኪሎ።»

«ማን ሻንጣ ውስጥ አለ? በእጄ ይዤው እገባለሁ።»

«ኤርፖርት ላይ ቢከለክሉሽስ?»

«ዳቦ ቆሎ አለኝ» አሉ አያት።